ግራጫ ዓሣ ነባሪዎችን ለማየት ወደ ባሃ ካሊፎርኒያ የሚደረግ የመርከብ ጉዞ፦ የተጓዥ መመሪያ

ዓሣ ነባሪን ለማየት ከወደብ ተነሥቶ በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ የሚመለስ ጉዞ በብዙ የዓለም ወደቦች ይገኛል፤ ሆኖም በእንዲህ ያለ አጭር ጉዞ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ጀርባ ብቻ ነው። እንስሳው በምን ያህል ጊዜ እንደሚተነፍስ፣ ወዴት እንደሚያመራና ግልገሉን እንዴት እንደሚያሳድግ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ቀናትን በባሕር ላይ ማሳለፍ ይኖርበታል። ለዚህ በጣም ከሚመቹት መንገዶች አንዱ፣ ከአሜሪካዋ የሳን ዲዬጎ ከተማ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የሜክሲኮን የባሃ ካሊፎርኒያ ባሕረ ገብ መሬት በምዕራብ በኩል ተከትሎ ወደ ደቡብ የሚወርደው የውቅያኖስ መስመር ነው። ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች በጋውን በሰሜን ዋልታ አካባቢ በቤሪንግና በቹክቺ ባሕሮች ሲመገቡ ከርመው፣ ክረምቱ ሲገባ ለመጋባትና ለመውለድ በዚሁ ዳርቻ ወደሚገኙት የተከለሉ ውኃዎች ይወርዳሉ፤ ደርሶ መልስ ጉዟቸውም ከ16,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ይገመታል። ይህን መንገድ ከእነርሱ ጋር የሚካፈል ተጓዥ ጉዞው የሚቃናለት ወቅቱን አስቀድሞ ሲመርጥ፣ የባሕሩን ምልክት ማንበብ ሲማርና እንስሳው ራሱ እስኪቀርብ መጠበቅ ሲችል ነው።

ወቅቱንና መርከቡን መምረጥ

የመጀመሪያው ውሳኔ የጉዞው ቀን ነው፤ ዓሣ ነባሪዎቹ በሌሉበት ሳምንት የተያዘን ጉዞ የመርከቡ ምቾት ሊያድነው አይችልምና። የጉዞው ዋና መድረሻ ሳን ኢግናሲዮ ላጉን ነው፤ ላጉን ማለትም በአሸዋ ደለልና በዝቅተኛ ደሴቶች ከውቅያኖሱ ማዕበል ተከልሎ በጠባብ አፍ ብቻ ከባሕሩ ጋር የሚገናኝ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ውኃ ነው። እንስሳቱ ወደዚህ ስፍራ በብዛት መግባት የሚጀምሩት በጃንዋሪ ሲሆን፣ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ቁጥራቸው ከፍ ይላል። ለመጋባት የመጡት ወንዶችና ግልገል የሌላቸው ሴቶች ፌብሩዋሪ ሲያልቅ ወደ ሰሜን መመለስ ይጀምራሉ፤ እናቶች ግን ግልገሎቻቸው ለረጅሙ ጉዞ እስኪጠነክሩ ድረስ እስከ ኤፕሪል ይቆያሉ። ስለዚህ ብዙ እንስሳ በአንድ ጊዜ ማየት የሚፈልግ ተጓዥ የፌብሩዋሪን አጋማሽ፣ እናትና ግልገልን በቅርበት ማየት የሚፈልግ ደግሞ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ ያለውን ጊዜ፣ ይኸውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት ሦስተኛ ሳምንት ያለውን ይመርጣል። ከሁለቱ የኋለኛው የተሻለ ነው፤ ወደ ጀልባ የሚቀርቡት በአመዛኙ በዚህ ጊዜ የሚገኙት እናቶችና ግልገሎች ናቸውና።

በዚህ መስመር የሚሠሩት መርከቦች እንደ ተንሳፋፊ ከተማ ያሉት ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ሳይሆኑ፣ ከሃያ እስከ ሠላሳ ሰው የሚይዙ፣ ብዙዎቹም ለረጅም ርቀት ዓሣ ማጥመጃ የተሠሩ ናቸው፤ መኝታቸው ጠባብ፣ መጸዳጃቸው ብዙ ጊዜ የጋራ ነው። ተጓዡ ቦታ ከመያዙ በፊት ጥቂት ነገሮችን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል፦ መርከቡ ከሜክሲኮ መንግሥት ፈቃድ እንዳለው፣ የባሕር እንስሳትን የሚያውቅ አስረጂ አብሮ መጓዙን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በላጉኑ ውስጥ ስንት ሙሉ ቀን እንደሚቆይ። ነፋስ አንዱን ቀን ሊያበላሽ ስለሚችል ከሁለት ቀን በታች የሚቆይ ጉዞ ገንዘቡን አያወጣም። አንዳንዱ ጉዞ ወደ ሳን ዲዬጎ ተመልሶ ሲያበቃ፣ ሌላው በባሕረ ገብ መሬቱ ጫፍ በካቦ ሳን ሉካስ ያበቃና ተጓዡ በአውሮፕላን ይመለሳል። በዚህ ዳርቻ የሚያይለው ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ የሚነሣ ስለሆነ፣ ወደ ሰሜን የሚደረገው ምላሽ ነፋሱንና ማዕበሉን ፊት ለፊት የሚገጥም፣ ከመውረጃው ይልቅ የሚያናውጥ ነው፤ ባሕር የሚከብደው ሰው ይህን አስቦ ሁለተኛውን ዓይነት ቢመርጥ ይጠቀማል።

ሰነድ፣ ምግብና ጤና

መርከቡ የሚነሣው ከአሜሪካ ቢሆንም ጉዞው የውጭ አገር ጉዞ ነው። በሎስ አንጀለስ፣ በሳን ዲዬጎና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ ሰዎች የአሜሪካ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ወይም ያልተቃጠለ የአሜሪካ ቪዛ ካላቸው ሜክሲኮ ለጉብኝት የተለየ ቪዛ አትጠይቃቸውም፤ ሕግ ሊለወጥ ስለሚችል ግን ከመክፈል በፊት በቆንስላው ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ከዚህ የሚከብደው ወደ አሜሪካ የመመለሱ ጉዳይ ነው። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው የመውጫና የመመለሻ ፈቃድ አስቀድሞ ሳያገኝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ስለሚችል፣ ለጥቂት ቀናት ደስታ ብሎ ይህን አደጋ መውሰድ የለበትም።

ጉዞው የሚመረጥበት ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። የመርከቡ ወጥ ሠሪ ለቀናት የሚበቃውን ምግብ የሚጭነው ከመነሣቱ በፊት ስለሆነና በመንገድ የሚገዛበት ስፍራ ስለሌለ፣ ጾመኛ ተጓዥ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ምግብ እንደሚፈልግ ቦታ ሲይዝ ማስታወቅ አለበት፤ በብዙ መርከቦች ዓሣ ዋና ምግብ ስለሆነ ዓሣን ለይቶ መጥቀስ አይረሳ። ሃላል ምግብ የሚፈልግም እንዲሁ ያደርጋል።

የባሕር ሕመም የሚባለው ማቅለሽለሽና ማስመለስ የሚመጣው በውስጠኛው ጆሮ ያለው ሚዛን ጠባቂ አካል እንቅስቃሴን ሲናገር፣ በመርከብ ክፍል ውስጥ ያለ ዓይን ግን የቆመ ግድግዳ ስለሚያይ ሁለቱ መልእክቶች ሲጋጩ ነው። መድኃኒት የሚጠቅመው ሕመሙ ሳይጀምር ሲወሰድ ነው። ሜክሊዚንና ዳይመንሃይድሪኔት በአፍ የሚወሰዱ ሲሆኑ፣ ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ከመነሣት ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ ተለጥፎ እስከ ሦስት ቀን ይሠራል፤ ይሁንና ይህ የኋለኛው አንዳንድ የግላኮማ ሕመም ላለባቸውና ሽንት ለመሽናት ለሚቸገሩ ሰዎች ጉዳት ስላለው ያለ ሐኪም ምክር አይወሰድም፣ የነካውም እጅ ዓይን ሳይነካ መታጠብ አለበት። ዝንጅብል ለአንዳንድ ሰው ይረዳል። ሆድን ጨርሶ ባዶ ማድረግ ሕመሙን ስለሚያብስ ጾመኛውም ቢሆን ከመነሻው ሰዓት ጋር አስማምቶ ቀለል ያለ ነገር መቅመስ ይኖርበታል። ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ከክፍሉ ወጥቶ፣ መናወጡ አነስተኛ በሆነበት በመርከቡ መካከል ቆሞ፣ ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር እያየ ንጹሕ አየር ይተንፍስ።

ሜክሲኮ ስለሆነ ሞቃት ነው ብሎ ቀላል ልብስ ብቻ የሚይዝ ተጓዥ በመጀመሪያው ጧት ይቸገራል፤ በክረምት የዚህ ዳርቻ ውኃ ቀዝቃዛ ነው፣ በሚሄድ መርከብ ላይም ነፋሱ አያቋርጥም። በላይ በላይ የሚደረቡ ልብሶች፣ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ካፖርት፣ በገመድ የሚታሰር ባርኔጣ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ የፀሐይ ቅባትና የውኃን ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዝድ የተባለው የፀሐይ መነጽር ያስፈልጋሉ። ባይኖኩላር፣ ማለትም የርቀት መነጽር፣ ሲመረጥ በላዩ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት መስተዋቱን ስፋት በሚሊሜትር ይነግራሉ። ለመርከብ ሰባት በሃምሳ ወይም ስምንት በአርባ ሁለት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላ መነጽር የእጅንና የመርከቡን መንቀጥቀጥ አብሮ ስለሚያጎላ ለዓይን ድካም ብቻ ይሆናል።

በክፍት ባሕር ላይ መፈለግ

መርከቡ ከሳን ዲዬጎ ወሽመጥ ወጥቶ ወደ ደቡብ ሲያመራ ፍለጋው ይጀምራል። በመጀመሪያ የሚፈለገው የትንፋሹ ምልክት ነው። ዓሣ ነባሪ ዓሣ ሳይሆን በሳንባ የሚተነፍስ አጥቢ እንስሳ ስለሆነ ወደ ላይ እየወጣ መተንፈስ ግዴታው ነው፤ ከራሱ ላይ ካለው ቀዳዳ በኃይል የሚወጣው ሞቃት እስትንፋስ በቀዝቃዛው አየር ከሚፈጥረው ጉም፣ አብሮ ከሚረጨውም ጠብታ የተነሣ ከሩቅ እንደ ነጭ ጢስ ይታያል። ቅርጹ የእንስሳውን ዓይነት ይነግራል። የግራጫው ዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ከሁለት ቀዳዳ ስለሚወጣ ከፊት ወይም ከኋላ ሲታይ የልብ ቅርጽ ይይዛል፣ ቁመቱም ሦስትና አራት ሜትር ነው፤ የሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ቀጥ ብሎ እስከ ዘጠኝ ሜትር ይደርሳል፤ ሀምፕባክ የሚባለው ረጃጅም የደረት ክንፍ ያለው ዓሣ ነባሪ ትንፋሹ አጭርና የተበተነ ነው፤ ስፐርም ዌል የሚባለው ባለ ጥርሱ ግዙፍ እንስሳ ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ግራ ያዘነበለ ትንፋሽ ስላለው ከሌሎቹ ጋር አይምታታም።

ከትንፋሹ ቀጥሎ ጀርባው ይመጣል። ግራጫው ዓሣ ነባሪ ሌሎች ብዙ ዓይነቶች ያላቸው የጀርባ ክንፍ የለውም፤ በምትኩ ዝቅተኛ ጉብታ፣ ከጉብታውም ኋላ እስከ ጅራቱ የተደረደሩ ትንንሽ እብጠቶች አሉት። ቆዳው ላይ የሚታዩት ነጫጭ ቦታዎች ከፊሎቹ የተፈጥሮ ቀለሙ፣ ከፊሎቹም ባርናክል የተባሉት ተጣብቀው የሚኖሩ ባለ ቅርፊት እንስሳትና የእነርሱ ጠባሳ ናቸው።

ተጓዥ ሊማረው የሚገባው ትልቁ ነገር የአተነፋፈሱ ሥርዓት ነው። በጉዞ ላይ ያለ ግራጫ ዓሣ ነባሪ በሩብና በግማሽ ደቂቃ ልዩነት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ተንፍሶ፣ ከመጨረሻው ትንፋሽ በኋላ ብዙ ጊዜ ጅራቱን አንሥቶ ይጠልቃል፤ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያህልም ውኃ ውስጥ ይቆያል። ጅራቱ ከታየ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ዓይኑን የሚተክል ሰው እንስሳውን ያጣዋል፤ ይልቁንም ሰዓቱን ይዞ፣ ወደ ሄደበት አቅጣጫ ጥቂት መቶ ሜትሮች አሳልፎ መጠበቅ አለበት። በጅራት ምት ከታች የሚገፋው ውኃ ወደ ላይ ወጥቶ የሚፈጥረው ለስላሳ ክብ፣ በተከታታይ ሲታይ፣ እንስሳው ሳይታይ እንኳ መንገዱን ያሳያል። መርከበኞች ያዩትን የሚጠቁሙት በሰዓት ገበታ ነው፦ የመርከቡ የፊት ጫፍ አሥራ ሁለት፣ የቀኝ ጎኑ ሦስት፣ የኋላው ስድስት፣ የግራው ዘጠኝ ይባላል፤ ቁጥሩ በገበታው ላይ ያለውን ቦታ ብቻ የሚያመለክት ስለሆነ በኢትዮጵያ ሰዓት የሚያስብ ሰውም አይደናገርም። ለፍለጋ የሚሻለው ነፋስ ያልተነሣበት ጧት ነው፤ የማዕበሉ ጫፍ ነጭ አረፋ ማውጣት ሲጀምር ትንፋሽን ከአረፋ መለየት ያስቸግራል።

በዚሁ ባሕር ላይ በመቶዎች አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ዶልፊኖች በአንድ መንጋ ሲመጡ ማየት እንግዳ አይደለም። ወደ መርከቡ ፊት እየሮጡ የሚገቡት መርከቡ ውኃውን ሲገፋ የሚፈጠረው ግፊት ሳይደክሙ ስለሚያስጉዛቸው ነው። ሌሊት ሲመጡ ደግሞ ሲነኩ ብርሃን የሚያወጡ ረቂቅ ሕያዋን ውኃውን ስለሚሞሉት እያንዳንዱ ዶልፊን በብርሃን ጅረት ተከቦ ይታያል፤ ከእራት በኋላ ወዲያው የሚተኛ ተጓዥ ከጉዞው ትልቅ ነገር ያመልጠዋል።

በመንገድ ላይ ካሉት ደሴቶች መካከል የሳን ቤኒቶ ደሴቶች ልዩ ትኩረት ይገባቸዋል። በእነዚህ ዳርቻዎች የሚያርፈው የሰሜኑ ዝሆን-ሲል፣ ይኸውም ወንዱ ኩንቢ የሚመስል አፍንጫ ያለውና ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል የባሕር አጥቢ፣ ለስቡ ዘይት ሲባል ታድኖ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቁጥሩ ከ100 በታች እንደወረደ ይገመታል፤ የሜክሲኮ መንግሥት በ1922 እ.ኤ.አ. ከለላ ከሰጠው በኋላ ግን ዛሬ ከ150,000 በላይ ሆኗል። ወደ ደሴት መውረድ ሲፈቀድ የጫማ ሶል ከዘርና ከአፈር መጽዳት አለበት፤ ተጓዡም በእንስሳውና በባሕሩ መካከል ፈጽሞ አይቆምም፣ የተኛ የሚመስለው ወንድ ሰው ከሚገምተው በላይ ፈጣን ነውና።

በላጉኑ ውስጥ

መርከቡ ሳን ኢግናሲዮ ሲደርስ መልሕቁን ጥሎ ይቆማል፤ ወደ ዓሣ ነባሪዎቹ የሚኬደው ፓንጋ በሚባሉት ሰባት ሜትር ገደማ በሆኑ ክፍት የሞተር ጀልባዎች፣ ፈቃድ ባላቸው የአካባቢው ጀልባ ነጂዎች ነው። በመመልከቻው ቀጣና በአንድ ጊዜ የሚገቡት ጀልባዎች ቁጥርና የሚቆዩበት ሰዓት የተወሰነ ሲሆን፣ የላጉኑ ሰፊ ክፍልም ለእናቶችና ለግልገሎች ተከልሎ ጀልባ አይገባበትም። ከዓሣ ነባሪዎቹ ጋር መዋኘት ክልክል ነው።

እዚህ የሚሆነውን ነገር ለመረዳት ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1850ዎቹ መጨረሻ ቻርልስ ስካሞን የተባለው አሜሪካዊ መርከብ መሪ በስተሰሜን ወደሚገኘው ኦሆ ዴ ሊዬብሬ ላጉን አዳኞችን ካስገባ በኋላ፣ የመውለጃ ስፍራዎቹ የእልቂት ቦታ ሆኑ፤ ግልገሎቻቸውን ለማዳን ጀልባ እየሰበሩ የታገሉትን እናቶች አዳኞቹ የሰይጣን ዓሣ ብለው ሰየሟቸው። ከዚያ በኋላ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የላጉኑ ዓሣ አጥማጆች እንስሳውን ይፈሩትና ከመንገዱ ይሸሹ ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. ግን ፓቺኮ በሚል ስም የሚታወቁት ፍራንሲስኮ ማዮራል የተባሉ ዓሣ አጥማጅ፣ አንድ ዓሣ ነባሪ ከጀልባቸው አጠገብ አልርቅ ባላቸው ጊዜ በመጨረሻ እጃቸውን ዘርግተው ነኩት፤ ከዚያ ወዲህ ራሳቸው ወደ ጀልባ የሚመጡ እናቶችና ግልገሎች በዚህ ላጉን የታወቁ ሆኑ። አካባቢው በ1988 የኤል ቪስካይኖ ጥብቅ ቀጣና አካል ሆኖ፣ የዓሣ ነባሪ መጠለያዎቹም በ1993 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ይህም ሆኖ በ1990ዎቹ በዚሁ ዳር የሜክሲኮ መንግሥትና ሚትሱቢሺ በጋራ ግዙፍ የጨው ማምረቻ ሊያቋቁሙ አቅደው ነበር፤ ከብዙ ተቃውሞ በኋላ በማርች 2000 ፕሬዚዳንት ኤርኔስቶ ሴዲዮ እቅዱን ሰረዙት። ለአካባቢው ጀልባ ነጂ የሚከፈለው ገንዘብ ላጉኑ እንዳለ እንዲቆይ ለነዋሪው ምክንያት የሚሰጥ ስለሆነ፣ ተጓዡ ይህን ክፍያ እንደ ተጨማሪ ወጪ ሊቆጥረው አይገባም።

ፓንጋው ላይ የወጣ ተጓዥ የሕይወት አድን ጃኬቱን አጥብቆ፣ በጀልባው ውስጥ የሚወዛወዝ ማሰሪያና የሚወድቅ ዕቃ ሁሉ ሰብስቦ ይቀመጣል። ጀልባ ነጂው ከሩቅ ፍጥነቱን ቀንሶ ከጎን በኩል ይጠጋል፤ ከፊት መዝጋትም ሆነ ከኋላ ማባረር አይፈቀድም፤ እናትንና ግልገልን መለየት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ምንም ሳይቀርብ የሚያልቅ ክፍለ ጊዜ አለ፤ በዚህ ጊዜ ተጓዡ ነጂውን እንዲከተል መወትወት የለበትም፣ ሌላ ዕድል እንዲኖረው ብዙ ቀን የሚቆይ ጉዞ የመረጠው ለዚህ ነውና። እንስሳው የሚያደርጋቸውን ነገሮች ማወቅ መጠበቁን ያቀለዋል፦ ራሱን ቀጥ አድርጎ ከውኃ ማውጣቱ ስፓይሆፕ ይባላል፣ መላ አካሉን አስፈንጥሮ መውደቁ ብሪች ይባላል። በአንጻሩ ድንገት አቅጣጫ መቀያየር፣ ውኃን በጅራት ደጋግሞ መምታት፣ ወይም እናት በጀልባውና በግልገሏ መካከል መግባቷ አለመፈለግን ስለሚያመለክት ጀልባው ቀስ ብሎ መራቅ አለበት።

ግልገሉ ሲወለድ አራት ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ግማሹ ያህል ስብ የሆነ ወተት እየጠባም በፍጥነት ያድጋል። እናቲቱ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሞላ ጎደል ሳትመገብ የምትኖረው በጋውን ባከማቸችው ስብ ነው። ምግቧ በሰሜን ባሕሮች ወለል ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ሲሆኑ፣ ጭቃውን ወደ አፏ ስባ ባሊን በሚባለው፣ በጥርስ ፋንታ ከላይኛው መንጋጋ በሚንጠለጠለው ወንፊት በመሰለ አካል ታጣራቸዋለች። በተከማቸ ስብ ብቻ የምትኖር እናት ጀልባ ለመሸሽ የምታወጣው ኃይል ሁሉ ከግልገሏ ወተት የሚቀነስ ነው። ነገሩ በተለይ በዚህ ዘመን የሚያሳስብ ሆኗል፤ የአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 27,000 የገመቱት የምሥራቅ ፓስፊክ ግራጫ ዓሣ ነባሪ ቁጥር በ2025 ወደ 13,000 ገደማ ወርዷል፣ ዋናው ምክንያትም በሚሞቀው የሰሜን ባሕር የምግባቸው መለወጥና ማነስ እንደሆነ ይታመናል።

ዓሣ ነባሪዋ ራሷ ከጀልባው ጎን ብትመጣና ነጂው ቢፈቅድ፣ ተጓዡ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ሳይነሣ እጁን በቀስታ ይዘረጋል፤ የትንፋሽ ቀዳዳዋንና ዓይኗን ከመንካት ይጠነቀቃል። ሁሉም ሰው ወደ አንድ ጎን ከተደገፈ ትንሿ ጀልባ ስለምታጋድል በተራ መቅረብ ግድ ነው። በዚህ ርቀት ረጅም የካሜራ ሌንስ አይጠቅምም፤ ሰፊ የሚያሳይ ሌንስ ወይም ስልክ ይበቃል፣ ጨዋማ ጠብታ እንዳይገባበትም ብርሃን በሚያስተላልፍ ላስቲክ መሸፈን ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከጥቂት ፎቶ በኋላ ካሜራውን ማስቀመጥ ነው።

ከላጉኑ በኋላና መዝገብ መያዝ

ወደ ካቦ ሳን ሉካስ የሚቀጥሉ ጉዞዎች በባሕረ ገብ መሬቱ ጫፍ ከሀምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች ጋር ይገናኛሉ፤ ውኃ ውስጥ የሚገባ ማይክሮፎን ያለው መርከብ የወንዶቹን ረጅም ዜማ ያሰማል። ከዚያ ዞረው በባሕረ ገብ መሬቱና በዋናው የሜክሲኮ ምድር መካከል ወዳለው ኮርቴስ ባሕር የሚገቡት በሎስ ኢስሎቴስ ደሴት የባሕር አንበሶችን፣ በሎሬቶ አካባቢ ደግሞ በፌብሩዋሪና በማርች ሰማያዊ ዓሣ ነባሪን የማየት ዕድል አላቸው። በዚሁ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ የምትኖረው ቫኪታ የተባለችው ትንሿ አጥቢ ለሌላ ዓሣ በሚዘረጋ መረብ እየታነቀች ወደ አሥር ገደማ ብቻ ቀርታለች፤ የጉብኝት መርከብ ወደ እርሷ አይሄድም፣ መሄድም የለበትም።

የመጨረሻው እርምጃ በየቀኑ ማታ የሚሠራ ነው። ተጓዡ በውኃ በማይበላሽ ደብተር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከመርከቡ መሪ ጠይቆ ያገኘውን የቦታ መለኪያ፣ የእንስሳውን ዓይነትና ብዛት፣ ግልገል መኖር አለመኖሩን፣ የባሕሩንም ሁኔታ ይጽፋል። የሀምፕባክ ጅራት የታችኛው ገጽ፣ የግራጫው ደግሞ የጎኑ ነጠብጣብ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ጥርት ያለ ፎቶ እንስሳውን በግል ለመለየት ያገለግላል፤ ሃፒዌል የተባለው ድርጅት በዓለም ዙሪያ ከተጓዦች የሚላኩለትን እንዲህ ያሉ ፎቶዎች ከቀደሙት ጋር እያመሳከረ ያው እንስሳ ከዚህ በፊት የት እንደታየ ለላኪው ያሳውቃል። ፎቶው ሲላክ ሳይቆራረጥና ቀለሙ ሳይነካ፣ ግራ ወይም ቀኝ ጎን መሆኑ ተጠቅሶ፣ ከደብተሩ ቀንና ቦታ ጋር ተያይዞ መሆን አለበት።